ምሥጢር ጠባቂና የፍርድ ትእዛዝ

ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ በሙግቱ ውስጥ የሚታዩት ከሳሹ፥ ተከሳሹና ዳኛው ናቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ የሆነ አንድ አራተኛ ሰው አለ። ይህ ሰው አልከሰሰም፤ አልተከሰሰምም፤ ከማንም ጋር ጠብ የለውም። ይሁን እንጂ በሥራው ምክንያት በእጁ የተቀመጠ አንድ መዝገብ፥ አንድ ደብዳቤ ወይም አንድ ስም አለ፤ የነገሩም መፍትሔ የሚገኘው በዚያ ውስጥ ነው። የባንክ ሹም፥ የጉምሩክ ጸሐፊ፥ ሐኪም፥ የጋዜጣ አዘጋጅ፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፥ ሁሉም አንድ ቀን በዚህ ሰው ቦታ ሊቆሙ ይችላሉ። ዳኛው በእጅህ ያለውን አውጣ ብሎ ባዘዘው ጊዜ ይህ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ሌላው አምኖ የነገረውን አሳልፎ ቢሰጥ እምነት አጉዳይ ይሆናልን? ወይስ ዝም ቢል የተበደለውን ሰው ፍርድ የነፈገው እርሱ ነውን? በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ይህንን ጥያቄ ነው።

ይህ የሕግ ዐዋቂዎች ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል አንባቢ አይጠፋም። እርግጥ ነው፥ አንቀጽ ጠቅሶ የሚከራከረው ጠበቃ ነው። ትእዛዙ የሚደርሰው ግን ከጠረጴዛው ኋላ ለተቀመጠው ሠራተኛ ነው፤ ኅሊናው የሚጨነቀውም እርሱ ነው። እኔም በመንግሥት ሥራ የምተዳደር ሰው ስለ ሆንሁ ነገሩን የምመለከተው ከዳኛው ወንበር ሳይሆን ከመዝገቡ መደርደሪያ በኩል ነው።

በመጀመሪያ ዝምታ ስለ ምን የተከበረ እንደ ሆነ እንመልከት። ሰው ለሐኪም ሕመሙን፥ ለነፍስ አባቱ ኀጢአቱን፥ ለባንክ ሀብቱንና ዕዳውን የሚገልጸው ነገሩ ወደ ሌላ ጆሮ እንደማይደርስ በመተማመን ነው። ይህ መተማመን የጠፋ እንደ ሆነ በሽተኛው ሕመሙን ይደብቃል፤ ነጋዴውም ገንዘቡን በቤቱ ያኖራል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ አንድ ጊዜ የወጣ ምሥጢር ተመልሶ አይገባምና ጉዳቱ በካሣ እንኳ ፈጽሞ አይጠገንም።

ለዚህም ከእንግሊዝ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። (ስለዚያ አገርና ስለ አውሮፓ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1924 ዓ.ም. በፍርዶች መድበል ታትሞ የወጣ አንድ ውሳኔ አለ። አንድ የባንክ ደንበኛ ያለበትን ዕዳ በጊዜው መክፈል አቃተው። የባንኩም ሥራ አስኪያጅ ወደ ደንበኛው አሠሪዎች ስልክ ደውሎ ስለ ዕዳውና በውርርድ ገንዘብ ያጠፋል ተብሎ ስለ መጠርጠሩ ነገራቸው፤ በዚህም ምክንያት ሰውየው የሥራ ውሉ ሳይታደስለት ቀረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ባንክ የደንበኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ነገር ግን ግዴታው የሚነሣባቸውን አራት ምክንያቶች አብሮ ዘረዘረ፤ እነርሱም ሕግ ሲያስገድድ፥ ለሕዝብ ያለ ግዴታ ሲጠይቅ፥ የባንኩ የራሱ ጥቅም ሲያስፈልገው፥ እንዲሁም ደንበኛው ሲፈቅድ ናቸው። እንግዲህ አጥሩን ያቆመው ፍርድ በሩንም አብሮ ሠርቷል ማለት ነው። የቀረው ጥያቄ በሩ መቼና ለማን ይከፈት የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን መልስ የሰጠው ሌላ የእንግሊዝ ፍርድ ነው። ኖርዊች ፋርማካል የተባለ ኩባንያ ፉራዞሊዶን በተባለ፥ ከዶሮ መኖ ጋር በሚቀላቀል መድኀኒት ላይ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ነበረው። ስለዚህ ያለ እርሱ ፈቃድ መድኀኒቱን ወደ አገር ማስገባት መብቱን መድፈር ነበር። ኩባንያው ግን በ1960ዎቹ ዓመታት ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች መድኀኒቱን ከውጭ እያስመጡ መሆናቸውን ዐወቀ። የሰዎቹን ማንነት ግን ሊያውቅ አልቻለም። ስማቸውን በመዝገብ ይዞ የሚገኘው የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ዕቃ የሚያስገባ ሁሉ ስሙንና የዕቃውን ዐይነት በጽሑፍ ማስታወቅ ነበረበትና። ኩባንያው ስሞቹን እንዲገልጥለት ጠየቀ፤ መሥሪያ ቤቱም ነገሩ በምሥጢር የተሰጠ ነው ሲል እንቢ አለ። በዚህም ምክንያት አንዳች ያልበደለው የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ፍርድ ቤት ቀረበ።

የጉምሩክ ሹሞች ያቀረቡት ምክንያት የሚናቅ አልነበረም። ነጋዴ ስላስገባው ዕቃ በእውነት የሚያስታውቀው ቃሉ ወደ ተወዳዳሪው እጅ እንደማይገባ ስለሚያምን ነው፤ ይህ እምነት ቢናጋ ሐሰተኛ ስምና ሐሰተኛ ሰነድ የሚያቀርቡ ሊበዙ ይችላሉ። ደግሞም መሥሪያ ቤቱ ሕግ ያዘዘውን ከመፈጸም በቀር የሠራው ጥፋት የለም። የመጀመሪያው ዳኛ ስሞቹ እንዲገለጡ አዘዘ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ትእዛዝ ሻረው፤ በመጨረሻም በዚያን ጊዜ የአገሩ የበላይ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት በ1973 ዓ.ም. የይግባኙን ፍርድ ሽሮ ስሞቹ ለኩባንያው እንዲሰጡ ወሰነ።

ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት ሎርድ ሪድ የሰጡት ምክንያት ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። አንድ ሰው ያለ ጥፋቱም ቢሆን የሌላው በደል በእጁ አልፎ እንዲፈጸም መንገድ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፥ እርሱ ካሣ ክፈል አይባልም፤ ነገር ግን በዳዩ ማን እንደ ሆነ ለተበደለው በመግለጥ የመርዳት ግዴታ አለበት። በመንገድ ሲያልፍ በደሉን በዐይኑ ያየ ሰው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ምስክር ነውና ሙግቱ ተጀምሮ በችሎት እስኪጠራ ድረስ ያየኸውን አውጣ ተብሎ አይገደድም። ሐሳቡም ድንገት የመጣ አልነበረም። ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት፥ በ1871 ዓ.ም.፥ የታወቀ የሲጋራ ምልክት በሐሰት የተለጠፈበት ዕቃ በእጃቸው በተገኘ የዕቃ አስተላላፊዎች ጉዳይ ላይ የእንግሊዝ ዳኞች ይህንኑ የመሰለ ግዴታ ጠቅሰው ነበር።

የፍርዱ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ልብ እንበል። ስሙ ያልታወቀ ሰው ሊከሰስ አይችልም። ሕግ ለአንድ ሰው መብት ሰጥቶት፥ መብቱን የደፈረውን ሰው ስም ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቢያስቀምጥበት፥ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ እንደ ነሣው ይቆጠራል። ተበዳዩ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚከሰው ሰው አጥቶ ይመለሳል፤ በዳዩም ከመዝገቡ ጀርባ ሆኖ በሰላም ይነግዳል። ይህ እንዲሆን ማንም ሐቀኛ ሠራተኛ አይወድም።

እዚህ ላይ በእኛ ቋንቋ «አደራ» የተባለው ቃል ነገሩን እንደሚያብራራው ይታየኛል። አደራ የተቀበለ ሰው የዕቃው ጌታ አይደለም። በሬ በአደራ የተቀበለ ሰው በሬውን አርዶ አይበላውም፤ ሳያስፈቅድም አያርስበትም፤ ጎረቤቱ ስለ ጠየቀው ብቻ አውጥቶ አይሰጥም። ነገር ግን በሬው የተሰረቀ መሆኑን ባለቤቱ ለዳኛ ያስረዳ እንደ ሆነ፥ ዳኛውም በሬውን አቅርብ ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነ፥ ያ ሰው አደራ አለብኝ ብሎ በሬውን በበረቱ ሊያስቀረው አይችልም። ምክንያቱም አደራ ሰጪው እርሱ ራሱ የሌለውን መብት በሌላ ሰው ዘንድ ሊያስቀምጥ አይችልም። ምሥጢርም እንደዚሁ ነው። በዳይ ማንነቱን ከተበዳዩ ሰውሮ ለዘላለም የመኖር መብት የለውም፤ እርሱ የሌለውን መብት እኔ ዝም እላለሁ በማለቴ ልፈጥርለት አልችልም። ስለዚህ በዳኛ ትእዛዝ መዝገቡን የገለጠ ሠራተኛ አደራ በላ አይባልም።

ነገር ግን በሬው የተሰረቀ መሆኑን የሚወስነው ማነው? ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አደራ ተቀባዩ በራሱ ግምት ይህ ሰው ሌባ ይመስለኛል ብሎ በሬውን ለጠየቀው ሁሉ ቢያስረክብ ዳኛም ምስክርም ራሱ ሆነ ማለት ነው። አንድ ባለጉዳይ እያለቀሰ ወደ መሥሪያ ቤት መጥቶ፥ የከዳኝ ሰው አድራሻ በእናንተ ዘንድ ነውና በእግዚአብሔር ስም ስጡኝ ቢል፥ ሠራተኛው ልቡ ሊራራ ይችላል። ሆኖም እያለቀሰ የመጣው ተበዳዩ ይሁን በዳዩ፥ የተፈለገውም ሰው ባለ ዕዳ ይሁን ሸሽቶ የተደበቀ ምስኪን፥ ሠራተኛው በምን ያውቃል? የእርሱ ድርሻ ባለጉዳዩን ወደ ዳኛ የሚወስደውን መንገድ ማሳየት ነው። የዳኛው ትእዛዝ የሚለየውም በዚህ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው በግልጽ ማስረጃ አቅርቦ፥ ነገሩ ተመዝኖ፥ ምክንያቱ ተጽፎ የሚሰጥ በመሆኑና ቅር ያለውም ይግባኝ ሊልበት የሚችል በመሆኑ ነው። በዝምድና፥ በርኅራኄ ወይም በጉቦ የወጣ ምሥጢር ከእነዚህ አንዱም የለውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ዝምታ ሁሉ ቅን አይደለም። ምሥጢር የሚለው ቃል ሰፊ ካባ ነው፤ የሰው ገመና እንደሚሸፍን ሁሉ የራስንም ድካም ይሸፍናል። መዝገብ ፈልጎ ማውጣት አድካሚ ስለ ሆነ ምሥጢር ነው የሚል አለ። በመዝገቡ ውስጥ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ጉድለት እንዳይታይ ሰግቶ ምሥጢር ነው የሚልም አለ። እንግዲህ ሠራተኛው እንቢ ከማለቱ በፊት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ የምጠብቀው የማንን ምሥጢር ነው? አምኖ የሰጠኝን ሰው ወይስ ራሴን? የሚጠብቀው ራሱን ከሆነ አደራ የሚለውን ቃል ሊጠራው አይገባም።

ዳኛውም ቢሆን እንደ ወደደ አያዝም። በአገራችን በቀድሞ ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የተባለ ሥርዓት እንደ ነበረ ይታወቃል። ሌብነት ወይም ቃጠሎ ደርሶ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይደረግ ነበር፤ በዳዩም እስኪታወቅ ድረስ ሕዝቡ ከሥራው ይታገድ፥ ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነም ካሣውን በጋራ ይከፍል ነበር። ከሥርዓቱ በታች ያለው ሐሳብ የሚከበር ነው፤ የተበደለ ሰው ብቻውን አይቅር፥ የሚያውቅም ዝም አይበል የሚል ነውና። ጉድለቱ ግን የሚያውቀውንም የማያውቀውንም፥ ነገሩ የሚነካውንም የማይነካውንም አንድ አድርጎ ማስጨነቁ ነው። የፍርድ ትእዛዝ ከአፈርሳታ ሊለይ የሚገባው ወሰን ያለው በመሆኑ ነው።

ይህንንም ወሰን በ1980 ዓ.ም. የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሰጠው ሌላ ውሳኔ እናገኘዋለን። በኒው ዮርክ ያለ አንድ ባንክ በሐሰተኛ ቼኮች አንድ ሚሊዮን ዶላር ተታልሎ ከፈለ፤ ከዚህም ገንዘብ የሚበዛው ለንደን ወደሚገኝ ሌላ ባንክ ተላለፈ። የለንደኑ ባንክ ከማታለሉ የለበትም። ፍርድ ቤቱ ግን ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ እንዲታወቅ የሒሳቡን ሰነዶች እንዲያሳይ አዘዘው። ከትእዛዙም ጋር ሦስት ግዴታዎች በጠያቂው ላይ ተጣሉ። መጀመሪያ፥ ሰነዱን ለማውጣት ባንኩ የሚያወጣውን ወጪ ጠያቂው ይክፈል፤ ሁለተኛ፥ በትእዛዙ ምክንያት ጉዳት ቢደርስ ጠያቂው ካሣ ለመክፈል ቃል ይግባ፤ ሦስተኛ፥ ያገኘውን ነገር ገንዘቡን ለመከታተል ብቻ እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይጠቀምበት የሚሉ ናቸው። ያልበደለ ሰው በሌሎች ጠብ ምክንያት እንዳይከስር፥ ለአንድ በደል የተከፈተው መዝገብም ለሐሜትና ለንግድ ተንኮል መሣሪያ እንዳይሆን ይህ ጥሩ ልጓም ነው። እኔ በበኩሌ አራተኛ ልጨምርበት እወዳለሁ፤ የሚቻል ሲሆን ስሙ የሚገለጠው ሰው አስቀድሞ ይነገረው። በጉምሩኩ መዝገብ ውስጥ እንኳ ከበዳዮቹ ጋር ሳያውቅ የገዛ ንጹሕ ነጋዴ ሊኖር ይችላልና።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የበዳይን ስም ስለ መግለጥ ነው። ምሥጢሩ የበደለኛ ሳይሆን የደግ አድራጊ ሲሆንስ? በ1973 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው አንዲት የ14 ወር ሕፃን ትበደላለች ብሎ ለሕፃናት ጥበቃ ማኅበር አመለከተ። የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ወደ ቤቱ ሄዶ ቢያይ ሕፃኗ አልተነካችም። እናቲቱ ግን በደረሰባት ድንጋጤ ታመመችና ማኅበሩን ከሰሰች፤ የጠቋሚውንም ስም ጠየቀች። የሎርዶች ምክር ቤት በ1977 ዓ.ም. ስሙ አይገለጥም ሲል ወሰነ። ስሙ ቢገለጥ ሌላ ጊዜ በእውነት የምትደበደብ ሕፃን ሲያይ ደፍሮ የሚናገር ጎረቤት አይገኝምና። የእናቲቱ ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ ፍርዱም ይህን አልካደም። ነገር ግን ከእርስዋ መብት ጋር የተመዘነው የማኅበሩ ምቾት ሳይሆን፥ ለራሳቸው መናገር የማይችሉ ሕፃናት ደኅንነት ነበረ።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1989 ዓ.ም. ዊልያም ጉድዊን የተባለ ወጣት የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ስለ አንድ ኩባንያ የገንዘብ ችግር በስልክ ምሥጢር ደረሰው። ኩባንያው ነገሩ ከተሰረቀ ሰነዱ የወጣ ነው በማለት የነጋሪውን ስም እንዲገልጥ በፍርድ አስገደደ፤ ጋዜጠኛው ግን እንቢ ብሎ በ1990 ዓ.ም. 5,000 ፓውንድ ተቀጣ። በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. በ11 ድምፅ በ7 ላይ ትእዛዙና ቅጣቱ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳሉ ሲል ፈረደ። ጽሑፉ እንዳይታተም አስቀድሞ ታግዶ ስለ ነበር የኩባንያው ዋና ጉዳት ተወግዶ ነበር፤ የቀረው ጥቅም የጋዜጠኛን ምንጭ ለማጋለጥ አልበቃም።

ይህ ፍርድ በበሬው ምሳሌ የተናገርሁትን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ነጋሪው በዳይ ሊሆን ይችል ነበርና። እንደ እኔ አስተያየት ግን አያፈርሰውም፤ ያሰፋዋል እንጂ። አንዳንድ አደራ ከሰጪውና ከተቀባዩ ሌላ ሦስተኛ ባለ ድርሻ አለው። ምንጮች ቢደርቁ የሚጎዳው ጋዜጣውን የሚያነብ ሕዝብ ነው፤ ጠቋሚ ቢጠፋ የምትጎዳው ሕፃን ናት። ዳኛው ሊመዝነው የሚገባው የዚህን ሦስተኛ ወገን ድርሻ ነው። ደግሞ ጉድዊን የቆመበትን መንገድ እናስተውል። ለኅሊናው ሲል እንቢ ያለው በግልጽ ነው፤ ቅጣቱን ተቀበለ፤ በሕግ መንገድም እስከ መጨረሻው ተከራከረ። መዝገብ አቃጥሎ ጠፋብኝ ከሚል ሰው ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

የእኛም ሕግ እነዚህን ሁለት ወገኖች ያውቃቸዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በምሥጢር የተጻፈ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጠው ይከለክላል፤ ነገር ግን ሕጋዊ ጥቅም እንዳለው ሲያስረዳ በፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይፈቅድለታል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ተከራካሪ ያልሆነ ሰው ለመመስከር ወይም ሰነድ ለማቅረብ በመጥሪያ እንዲጠራ ያደርጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ26ኛው አንቀጹ የግል ሕይወትን መብት ካጸና በኋላ፥ አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ሲወሰን ሊገደብ የሚችልባቸውን ዓላማዎች ይዘረዝራል፤ ከእነርሱም አንዱ የሌሎችን መብትና ነፃነት ማስከበር ነው።

ዛሬ ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ የቀረበ ሆኗል። የቀድሞው ጸሐፊ የሚጠብቀው በአቧራ የተሸፈነ ፋይል ነበር፤ የዛሬው ሠራተኛ ግን በኮምፒዩተር አንዲት ቁልፍ ተጭኖ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሒሳብ፥ ስልክና ሕክምና ሊያይ ይችላል። ምሥጢር ማውጣቱ የቀለለውን ያህል አደራው ከብዷል። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለው ሠራተኛ፥ ለመምህርም ሆነ ነገ በዚህ ቦታ ለሚቀመጠው ተማሪ፥ የሚበጀው ደንብ ይህ ይመስለኛል፤ ሳይታዘዝ አይናገር፤ ሲታዘዝም የታዘዘውን ያህል እንጂ አንዲት መስመር አይጨምር፤ ትእዛዙ ንጹሕ ሰው የሚጎዳ መስሎ ከታየው ለዳኛው በግልጽ ያመልክት እንጂ በስውር አያሰናክል።

ባላገር በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ» ሲባል ከነቁጣው ይቆም ነበር። ያ ቃል የሚያቆመው በዳዩን ብቻ አልነበረም፤ ሰሚውም ሁሉ ነገሩ ይመለከተኛል ብሎ እንዲቆም ያደርገው ነበር። መዝገብ ጠባቂም ትእዛዝ ሲደርሰው እንዲሁ ቆም ብሎ ሁለቱን ሰዎች ሊያስብ ይገባዋል፤ አምኖ ስሙን የጻፈውንና ያንን ስም አጥቶ በፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመውን። ሁለቱም የሚታመኑት በእርሱ ሐቀኝነት ነው።